ለአዲስ የሲቪል ምህንድስና ቴክኒሽያኖች የሚሰጥ ዕውቅና፤ ምንነቱና ፋይዳው

አንድ መንገድ፣ ድልድይ ወይም ትምህርት ቤት ተጠናቆ ሲመረቅ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የሚነሱት ስሞች የታወቁ ናቸው። ግንባታውን ያስጀመረው መሥሪያ ቤት፣ በጀቱን የመደበው አካል፣ ሥራ ተቋራጩና አማካሪ መሐንዲሱ ምስጋና ይቀርብላቸዋል። ከማለዳ ጀምሮ ሌቭል ተክሎ ከፍታ ሲለካ፣ አርማታ ከመሞላቱ በፊት የፌሮውን አደራደር ሲቆጥር፣ የተሞላው አፈር በሚገባ መጠቅጠቁን ሲፈትሽ የከረመው ቴክኒሽያን ግን በአብዛኛው ስሙ አይነሳም። ይሁንና የግንባታው ዕድሜ የሚወሰነው በመሐንዲሱ ንድፍ ብቻ ሳይሆን ንድፉ በመሬት ላይ በትክክል መተርጎሙን በሚከታተለው በዚህ መካከለኛ ባለሙያ ትጋት ጭምር ነው።

ለእነዚህ ባለሙያዎች ገና በሥራቸው መጀመሪያ ላይ ዕውቅና መስጠት በአንዳንድ አገሮች የተለመደ አሠራር ሆኗል። ከእነዚህም መካከል ብሪታንያ በቀዳሚነት ትጠቀሳለች። ዋና ጽሕፈት ቤቱ በለንደን የሚገኘው የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም በየዓመቱ ከሚሰጣቸው ሽልማቶች ውስጥ የሙያ ምዘናን በላቀ ውጤት ላለፉ አዲስ አባላት የሚሰጡ ይገኙበታል፤ ከተሸላሚዎቹም መካከል ቴክኒሽያኖች አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ሽልማት በምን መሠረት ላይ እንደቆመ፣ ለሥራ ጥራት ምን እንደሚያበረክትና ተመሳሳይ አሠራር ለመዘርጋት የሚያስቡ መሥሪያ ቤቶች ምን ልብ ሊሉ እንደሚገባ ማብራራት ነው።

በቅድሚያ የሲቪል ምህንድስና ቴክኒሽያን የሚባለው ባለሙያ ማን እንደሆነ ግልጽ ማድረግ ያስፈልጋል። ቴክኒሽያን ማለት መሐንዲስ ለመሆን ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ማለት አይደለም። የታወቁና የተፈተኑ የሙያ ዘዴዎችን በመጠቀም ተግባራዊ የምህንድስና ችግሮችን የሚፈታ፣ የራሱ የሥራ ድርሻና ኃላፊነት ያለው ባለሙያ ነው። በቅየሳ ሥራ የመንገዱን መስመርና ከፍታ በመሬት ላይ ያስቀምጣል። በላቦራቶሪ የአፈር፣ የጠጠርና የኮንክሪት ናሙናዎችን ይፈትሻል። በቢሮ ንድፍ ያዘጋጃል፣ የሥራ መጠን ያሰላል። በግንባታ ቦታ ደግሞ የተሠራውን እየለካ የክፍያ ሰነድ እንዲዘጋጅ መረጃ ያቀርባል።

የሥራውን ክብደት ለመረዳት አንድ ቀላል የኮንክሪት ፍተሻን መመልከት ይበቃል። ገና ያልጠነከረ ኮንክሪት የውኃው መጠን ተገቢ መሆኑ የሚለየው 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው የብረት ቅርጽ ውስጥ በ3 ንብርብር ተሞልቶ፣ እያንዳንዱ ንብርብር 25 ጊዜ በዘንግ ከተወጋ በኋላ ቅርጹ ሲነሣ ኮንክሪቱ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል በመለካት ነው። ፍተሻው የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ቴክኒሽያኑ ይህን ሳያደርግ ቢቀር ወይም ሳይለካ ቁጥር ቢጽፍ በዚያ ቀን ማንም ላያውቅ ይችላል። ለጥንካሬ ፍተሻ የሚወሰደው የኮንክሪት ናሙና የመጨረሻ ውጤት የሚታወቀው ከ28 ቀናት በኋላ ነው። እስከዚያው በላዩ ሌላ ፎቅ ሊጨመርበት ይችላል። አርማታው ሲሞላ ፌሮው ይሰወራል፤ አስፋልቱ ሲነጠፍ ከሥሩ ያለው አፈር ይሸፈናል። ስለዚህ የቴክኒሽያኑ ፊርማ ማንም ተመልሶ ሊያየው ለማይችለው ሥራ የተሰጠ ምስክርነት ነው።

የዚህ ምስክርነት መጓደል የሚያስከትለውን ጉዳት በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤደንብራ የተከሰተው ሁኔታ በግልጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ በጥር ወር 2016 ማለዳ ላይ ኃይለኛ ነፋስ በነፈሰበት ዕለት የኦክስጋንግስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የውጭ ግድግዳ ተደርምሶ 9 ቶን ያህል የሚመዝን ግንብ ወደቀ። ተማሪዎች ገና ባልገቡበት ሰዓት በመሆኑ በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ሆኖም በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር በተደረገው ተከታታይ ምርመራ በከተማዋ 17 ትምህርት ቤቶች ለጊዜው ተዘግተው ከ7 ሺህ 600 በላይ ተማሪዎች ወደ ሌላ ቦታ ለመዛወር ተገደዋል።

ጉዳዩን የመረመረው ገለልተኛ አጣሪ እ.ኤ.አ በየካቲት 2017 ባወጣው ሪፖርት እንዳመለከተው ለግድግዳው መውደቅ ምክንያት የሆነው የውጭውንና የውስጡን ግንብ የሚያያይዙት ትንንሽ ብረቶች በግንቡ ውስጥ በሚፈለገው ጥልቀት ሳይቀበሩ መቅረታቸው ነው። ነፋሱ ድክመቱን አጋለጠው እንጂ አልፈጠረውም። ሪፖርቱ የግንባታ ጥራት ጉድለትና የቁጥጥር ማነስ መኖሩን ከማረጋገጡም በላይ፣ አሠሪው የመንግሥት አካል በራሱ በኩል በቂና ገለልተኛ የቁጥጥር ባለሙያ ማሰማራት እንደሚገባው አሳስቧል። እነዚያ ብረቶች በሚቀበሩበት ሰዓት በቦታው ተገኝቶ የሚያይ፣ የሚለካና «ይህ አይሆንም» ለማለት የሚችል ባለሙያ ቢኖር ኖሮ ችግሩ በአንድ ቀን ሥራ ሊታረም ይችል ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል በግንባታ ዘርፍ ያለው ትርጉም ይኸው ነው።

«ይህ አይሆንም» ማለት ግን በተለይ ለጀማሪ ባለሙያ ቀላል አይደለም። አንድ የ22 ዓመት ወጣት ቴክኒሽያን ለሃያ ዓመታት በሙያው ከቆየ ፎርማን ጋር ፊት ለፊት ሲቆም ሁኔታው ምን ሊመስል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ኮንክሪት የጫነው መኪና ደርሷል፤ የቀን ሠራተኞች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ፎርማኑ «ልጄ፣ ኮንክሪቱ ሊደርቅብን ነው፤ እንሙላው፣ ሌላው በኋላ ይስተካከላል» ይላል። ወጣቱም «ጋሼ፣ ፌሮው ካሳ ፎርማውን ነክቶ ነው ያለው፤ ስፔሰር ሳይገባለት ልፈርም አልችልም» ማለት ይኖርበታል። በዚህች ቅጽበት ወጣቱን የሚያጸናው የቀሰመው ዕውቀት ብቻ አይደለም። ፊርማው ዋጋ እንዳለው ማወቁና ከበስተጀርባው የሚያከብረው ሙያና ተቋም መኖሩን መገንዘቡም ጭምር ነው። ለአዲስ ቴክኒሽያኖች የሚሰጥ ዕውቅና ዋነኛ ፋይዳም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

የብሪታንያ የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም አመሠራረት ራሱ ከዚህ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ በ1818 በለንደን በአንድ ቡና ቤት በተሰባሰቡ ጥቂት ወጣት ባለሙያዎች የተመሠረተ ሲሆን፣ በ1828 የንጉሣዊ ቻርተር ባለቤት ሆኗል። ወጣቶቹ ማኅበራቸው ክብደት እንዲያገኝ በማሰብ እ.ኤ.አ በ1820 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አድርገው የመረጡት ቶማስ ቴልፎርድን ነበር። ቴልፎርድ የስኮትላንድ እረኛ ልጅ ሲሆኑ፣ ወደ ሙያው የገቡት በዩኒቨርሲቲ በር ሳይሆን በልጅነታቸው በድንጋይ ጠራቢነት ሠልጥነው ነው። ከዚያ ተነሥተው በዌልስ የሚገኘውን የመናይ ተንጠልጣይ ድልድይ ጨምሮ በርካታ መንገዶችን፣ ቦዮችንና ድልድዮችን ሠርተዋል። እ.ኤ.አ በ1834 ሲያርፉም ለተቋሙ በኑዛዜ ገንዘብ የተዉለት ሲሆን፣ በስማቸው የሚሰጠው ሜዳልያ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። ከመዶሻና ከመሮ የተነሣ ሰው የመሐንዲሶች ሁሉ አለቃ መሆኑ፣ በእጅ ሥራና በምህንድስና መካከል ያለው ድንበር ብዙዎች እንደሚያስቡት የማይታለፍ አለመሆኑን ያመለክታል።

በአሁኑ ወቅት በብሪታንያ የምህንድስና ሙያ ማዕረጎችን የሚቆጣጠረው እ.ኤ.አ በ1981 በንጉሣዊ ቻርተር የተቋቋመው የምህንድስና ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ ቻርተርድ መሐንዲስ፣ ኢንኮርፖሬትድ መሐንዲስና የምህንድስና ቴክኒሽያን ለሚባሉት ማዕረጎች የብቃት መመዘኛ አዘጋጅቷል። የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም ደግሞ በዘርፉ ያሉትን አመልካቾች በዚሁ መመዘኛ መሠረት ይመዝናል። ማዕረጉን ያገኘ ቴክኒሽያን በስሙ መጨረሻ ላይ የማዕረጉን ምሕፃረ ቃል የመጻፍ መብት ይኖረዋል።

መመዘኛው በአምስት ዘርፎች የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው የሙያ ዕውቀትና ግንዛቤ ነው። ሁለተኛው ንድፍ የመሥራትና የምህንድስና ችግሮችን የመፍታት ችሎታ ነው። ሦስተኛው ኃላፊነትን መሸከምንና ሥራን መምራትን የሚመለከት ሲሆን፣ አራተኛው የተግባቦት ችሎታ ነው። አምስተኛው ለሙያው ሥነ ምግባር፣ ለደኅንነት፣ ለአካባቢ ጥበቃና ራስን በየጊዜው ለማሻሻል ያለውን ቁርጠኝነት ይመለከታል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ዕውቀት አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ቀሪዎቹ አመልካቹ ዕውቀቱን በሥራ ላይ እንዴት እንደሚያውለው የሚፈትሹ ናቸው።

ለቴክኒሽያንነት የሚያመለክት ሰው በመደበኛነት የሚጠበቅበት የትምህርት ደረጃ ከዩኒቨርሲቲ በታች ያለ የቴክኒክ ትምህርት ነው። የተሟላ የትምህርት ማስረጃ የሌለው ነገር ግን በሥራ ልምዱ ተመጣጣኝ ዕውቀት ማካበቱን ማሳየት የሚችል ባለሙያም የሚስተናገድበት መንገድ አለ። አመልካቹ ስለ ሠራቸው ሥራዎች በጽሑፍ ሪፖርት ያቀርባል፤ ከዚያም ልምድ ባላቸው የሙያው ሰዎች ፊት ቀርቦ ይጠየቃል። ጥያቄው ከመጽሐፍ የሚመለስ ሳይሆን «አንተ በግልህ ምን ሠራህ? ለምን እንዲህ ወሰንህ? ስህተት ባገኘህ ጊዜ ምን አደረግህ?» የሚል ዓይነት ነው። ምዘናውን ያለፈው ባለሙያ የሙያ ሥነ ምግባር ደንብን ለማክበርና ዕውቀቱን በተከታታይ ለማሳደግ ግዴታ ይገባል።

ለአዲስ ቴክኒሽያኖች የሚሰጠው ሽልማት የሚቆመው በዚህ ምዘና ላይ ነው። ሽልማቱ ራሱን የቻለ ውድድር አይደለም፤ ለሁሉም እኩል የሆነውን ምዘና ካለፉት መካከል ብልጫ ያሳዩትን ለይቶ ማመስገኛ ነው። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ቢታይም መሠረታዊ ነው። በአንድ ቀን ውድድር የሚያሸንፍ ሰው በዚያ ቀን ጎበዝ መሆኑን ያሳያል። በሙያ ምዘና ብልጫ ያገኘ ሰው ግን በወራትና በዓመታት በእውነተኛ ሥራ ላይ ያሳየው ጠባይና ብቃት ተመርምሮ ነው የሚመሰገነው። በመሆኑም ሽልማቱ የሚኖረው ክብር ከሜዳልያው ወርቅነት ወይም ከአዳራሹ ድምቀት የሚመነጭ ሳይሆን ከምዘናው ታማኝነት የሚገኝ ነው።

ሽልማቱ ለአንጋፋዎች ሳይሆን ለአዲሶች መሰጠቱም የራሱ ምክንያት አለው። አንጋፋው ባለሙያ ሲሸለም ላለፈው አገልግሎቱ ምስጋና ይሆናል። ወጣቱ ሲሸለም ግን ገና ለሚሠራው ሥራ አደራ መስጠት ነው። አንድ ባለሙያ በሥራ ዓለም የሚከተላቸው ልማዶች በአመዛኙ የሚቀረጹት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት ነው። ሳይለካ የሚፈርም ሰው ያንኑ ልማድ ይዞ ይቀጥላል፤ ለክቶ የሚመዘግብም እንዲሁ። ከዚህም በተጨማሪ ሽልማቱ በተመሳሳይ የሥልጠና መስክ ላሉ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው መልእክት ያስተላልፋል። የቴክኒክ ሙያ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያልቻሉ ወጣቶች መጠጊያ ነው የሚለውን የተሳሳተ አመለካከት በንግግር ብቻ ማስወገድ አይቻልም። የሙያው ባለቤቶች በአደባባይ ሲከበሩ ማየት የበለጠ ያሳምናል።

የቴክኒሽያንን ማዕረግ ራሱን አስችሎ የማክበር አሠራር በአንድ አገር የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2002 የተፈረመው የደብሊን ስምምነት የምህንድስና ቴክኒሽያኖችን ትምህርት በአገሮች መካከል ተመጣጣኝ አድርጎ ለመቀበል የሚያስችል ሲሆን፣ መሥራች ፈራሚዎቹ ብሪታንያ፣ አየርላንድ፣ ካናዳና ደቡብ አፍሪካ ናቸው። ስምምነቱ መሐንዲሶችን የሚመለከተው የዋሽንግተን ስምምነት እ.ኤ.አ በ1989 ከተፈረመ ከ13 ዓመታት በኋላ መምጣቱ የቴክኒሽያኑ ዕውቅና ምን ያህል ዘግይቶ እንደደረሰ ይጠቁማል። በደቡብ አፍሪካም የሙያ ቴክኒሽያን በሕግ ከተደነገጉት የምህንድስና ሙያ ምዝገባ ዘርፎች አንዱ ነው።

በአገራችንም ለዚህ ሙያ የተሰጠው ትኩረት የራሱ ታሪክ አለው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን እ.ኤ.አ በ1951 ከተቋቋመ በኋላ የመንገድ ሥራ ባለሙያዎችን በራሱ ማሠልጠን የግድ ሆኖበት የዓለምገና ማሠልጠኛ ለዘርፉ በርካታ ባለሙያዎችን አፍርቷል። እ.ኤ.አ በ1954 የተመሠረተው የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ኮሌጅ፣ እንዲሁም በ1963 የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የራሳቸውን አሻራ አኑረዋል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና በአዋጅ ቁጥር 391/1996 የሕግ መሠረት ያገኘ ሲሆን፣ ይህም በኋላ በአዋጅ ቁጥር 954/2008 ተተክቷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ስትራቴጂ ሥልጠናው በሙያ ደረጃዎች ላይ እንዲመሠረትና የሠልጣኙ ችሎታ ከማሠልጠኛ ተቋሙ ውጪ በሆነ የሙያ ብቃት ምዘና እንዲረጋገጥ አቅጣጫ አስቀምጧል። ሠልጣኞች ከትምህርት ቤት ባሻገር በድርጅቶች ውስጥ በትብብር ሥልጠና እንዲለማመዱም ተደርጓል። በቴክኒክና ሙያ ተቋማት መካከል የሚካሄዱት የክህሎትና የቴክኖሎጂ ውድድሮችም ለዘርፉ መነቃቃት አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ ለአዲስ የሲቪል ምህንድስና ቴክኒሽያኖች ዕውቅና ለመስጠት የሚያስብ መሥሪያ ቤት ከባዶ አይነሣም። ሊያስብባቸው የሚገቡ ጥቂት ጉዳዮች ግን አሉ።

በመጀመሪያ ሽልማቱ የብቃት ምዘናን ተከትሎ እንጂ ምዘናን ተክቶ መምጣት የለበትም። መስፈርቱ አስቀድሞ በጽሑፍ ወጥቶ ለሁሉም ሊታወቅ ይገባል። የተመራጮች ስም ዝርዝር በቅርብ አለቃ መልካም ፈቃድ ብቻ የሚዘጋጅ ከሆነ ሽልማቱ ትጋትን ሳይሆን ታዛዥነትን የሚያበረታታ ይሆናል። ስለሆነም መዛኞቹ ከዕጩው የሥራ ክፍል ውጪ የሆኑና በሙያው ልምድ ያላቸው ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል።

በሁለተኛ ደረጃ ማስረጃው ከእውነተኛ ሥራ የተገኘ መሆን ይኖርበታል። የዕጩው የሳይት መዝገብ፣ የለካቸው ልኬቶች፣ የላቦራቶሪ ውጤቶቹና በተለይም «ይስተካከል» ብሎ የመለሳቸው ሥራዎች ከማንኛውም የድጋፍ ደብዳቤ የበለጠ ይናገራሉ። ጥሩ የሚናገር ሁሉ ጥሩ የሚለካ አለመሆኑን መዛኞች ሊዘነጉት አይገባም። ንግግር የማይቀናው ነገር ግን መዝገቡ የተሟላ ቴክኒሽያን በቃለ መጠይቅ ምክንያት ብቻ ወደ ኋላ እንዳይቀር ሪፖርቱና ቃለ መጠይቁ ተመዛዝነው መታየት አለባቸው።

በሦስተኛ ደረጃ ተደራሽነቱ ሊታሰብበት ይገባል። በዋና ከተማ በትልቅ ፕሮጀክት ላይ የተመደበው ቴክኒሽያን ሥራው በብዙዎች ይታያል። በአንዲት ወረዳ የውኃ መስመር ወይም የገጠር መንገድ የሚከታተለው ባልደረባው ግን፣ ምናልባት ያለ ረዳትና በአነስተኛ መሣሪያ የሚሠራ ቢሆንም፣ ማንም አያየውም። የሽልማቱ መስፈርት የፕሮጀክቱን ግዝፈት ሳይሆን ባለሙያው ባለው ሁኔታ ውስጥ ያሳየውን ብቃት መለካት አለበት። በግንባታ ቦታዎች ከወንዶች ጋር ሲነጻጸር በቁጥር አነስተኛ የሆኑት ሴት ቴክኒሽያኖችም ዕኩል የመታጨት ዕድል ማግኘታቸው መረጋገጥ ይኖርበታል።

በመጨረሻም ሽልማት የደመወዝና የደረጃ ዕድገት ምትክ ሊሆን አይችልም። የምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ቀድሞ ቦታው የሚመለስና ከዚያ በኋላ ማንም የማያስታውሰው ተሸላሚ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሙያውን ትቶ ቢሄድ የሚያስገርም አይሆንም። ዕውቅናው ተጨማሪ ኃላፊነት፣ የሥልጠና ዕድልና ለጀማሪዎች አሠልጣኝ የመሆን ዕድልን ቢያስከትል መሥሪያ ቤቱም ባለሙያውም ይጠቀማሉ። ከሁሉም በላይ ግን ተሸላሚው በሥራ ቦታው «ይህ አይሆንም» ባለ ጊዜ አለቆቹ ከጎኑ መቆማቸው ወሳኝ ነው። በአዳራሽ የተጨበጨበለት ቴክኒሽያን ጉድለት ያለበትን ሥራ በማስቆሙ ተግሣጽ የሚደርስበት ከሆነ ከሽልማቱ ይልቅ ተግሣጹ ይታወሳል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለትምህርት ቤት፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለመንገድና ለመጠጥ ውኃ የሚያወጡት ገንዘብ የሕዝብ ሀብት ነው። ይህ ሀብት በትክክል ሥራ ላይ መዋሉ የሚረጋገጠው በጨረታ ሰነድና በኦዲት ሪፖርት ብቻ ሳይሆን አርማታው ከመሞላቱ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ጭምር ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች በቦታው የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ወጣቱ ቴክኒሽያን ነው። ብቃቱን በሚገባ መዝኖ፣ ለትጋቱ ዕውቅና ሰጥቶ ፊርማውን ማስከበር ለአንድ ወጣት የሚደረግ ውለታ ሳይሆን ሕዝብ በሚገለገልበት ሕንፃና መንገድ ላይ የሚደረግ ጥንቃቄ መሆኑን መገንዘብ ይገባል።